የዘለልኳቸው መስመሮች

ቅዳሜ፣ ጁማደል አወል 12
ከዓስር ሶላት በኋላ፣ ከሱቄ

ለታናሽ እህቴ፣ ለቁንጫዬ፤

የአላህ ሰላም በአንቺ፣ በባለቤትሽ፣ በሆድሽ ውስጥ እየተራገጠ እንቅልፍ በነሳሽ እንግዳ ላይም ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው። የዩኒፎርም ስፌት ወቅት ስለሆነ ከወገቤ በስተቀር የሚያማርር የለም።

ልጅሽ ሲያድግ እናቱ እስከ ሃያ ስምንት ዓመቷ ቁንጫ ትባል እንደነበር እንዳልነግረው ከፈለግሽ፣ ይህን ደብዳቤ ሳትቀድጂው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። መሃል ላይ መቅደድ ያምርሻል፤ አውቅሻለሁ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እቀደዋለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። አንቺና እኔ የጀመርናት የእናቶች ክፍል ትዝ ትልሻለች፤ ከመስጂዱ ውዱእ ማድረጊያ በላይ ያለችው፣ አሥራ ስምንት ደረጃ የምታስወጣው ጠባብ ክፍል። ያኔ ሦስት እናቶች፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳና እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ነበረን። ዛሬ ብታያት አታውቂያትም። የመስጂዱ ጀመዓ ወጣቶች ግድግዳዋን ቀለም ቀብተዋታል። ቅዳሜ ጠዋት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ያስጠናሉ፣ ከዙህር በኋላ እናቶች ይማራሉ፣ ከመግሪብ በኋላ ኡስታዙ ቁርአን ያስቀራል። እሁድ እሁድ ተከፋፍለን የታመመ እንጠይቃለን፣ ጧሪ የሌላቸውን አሮጊቶች ቤት እናጸዳለን። ሰብሳቢያችን ያው ኤሌክትሪሻኑ ነው። አሁንም "አጭር ነው" ብሎ ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ያወራል።

እኔ የእናቶቹ አስተማሪ ነበርኩ። "ነበርኩ" ያልኩትን ልብ በይልኝ።

አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ በኋላ ክፍሏን ሁለት ዓመት ብቻዬን ያዝኳት። ፊደሎቹን ከቢጫ ጨርቅ ቆርጬ በጥቁር መደብ ላይ ሰፋኋቸው፤ እናቶቹ በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን በጣታቸውም እየዳበሱ እንዲማሩ። ከሥራዬ በተረፈችኝ ሰዓት ነበርና ሁለት ወር ፈጀብኝ። አትክልት ሻጯ እናት የስሟን ፊደሎች አንድ በአንድ ነክታ "ለካ ስሜ ይሄ ነው?" ብላ ያለቀሰች ቀን፣ እኔም ሰሌዳ የማጸዳ መስዬ ፊቴን አዙሬ አልቅሻለሁ። ለአላህ ብዬ ነው የምሠራው እል ነበር። ለአላህም ነበር። ግን ክፍሏ የኔም ነበረች።

ታዲያ ከስድስት ወር በፊት ፋርማሲዋ መጣች።

ፋርማሲዋ የምንላት ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። ካንቺ በአንድ ዓመት ታንሳለች። ቀጭን ናት፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ አይረጋም፣ ስትስቅ ድምፅ የላትም። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ "ምን ላግዝ?" አለች። ወለሉን ጥረጊ አልኳት። ጠረገች። እኔ ከምጠርገው አሳምራ ጠረገች። ያኔውኑ ልቤ "ይቺን ልጅ ጠርጥሪያት" አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ የሚፈጥኑትን የሚዘገዩት እንዳይጎትቷቸው እናቶቹን በቡድን እንክፈላቸው አለች። ልክ ነበረች። በአምስተኛው ሳምንት፣ ከተረት ይልቅ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የአውቶቡስ ታፔላ እናስነብባቸው አለች። ይህም ልክ ነበር። ሁልጊዜ ልክ የሆነ ሰው እንዴት እንደሚያንገበግብ ታውቂያለሽ? በሰባተኛው ሳምንት ኤሌክትሪሻኑ "አጭር ነው" ብሎ ሰበሰበንና፣ "እህታችን ሁለት ዓመት ለፍታለች፤ አላህ ይቀበላት። አሁን ደግሞ በበሽተኛ ጥየቃው ታግዘን። የእናቶቹን ክፍል ፋርማሲዋ ትያዘው" አለ። ሁሉም ማሻአላህ አለ። እኔም ማሻአላህ አልኩ፤ በተነከሰ ጥርስ መሃል ሾልካ የወጣች ማሻአላህ።

የጨርቅ ፊደሎቼን ብታወርዳቸው ኖሮ እጣላት ነበር። አላወረደቻቸውም። "አቤት እንዴት ያምራሉ!" ብላ የታተመውን ሰንጠረዥ ከጎናቸው ሰቀለች። ምን ብዬ ልጣላት?

አንድ ቀን ደግሞ ሱቄ መጥታ አባያ እንድሰፋላት ጨርቅ ሰጠችኝ። ለካኋት፣ ሰፋሁ። ግን እጄ ነው ልቤ አላውቅም፣ ሁለቱን እጅጌዎች ሁለት ጣት ያህል አሳጠርኳቸው። ስትለብሰው ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገችው፤ አልወርድ ሲላት ጫፉን ወደ ውጭ አጠፈችውና ከውስጡ ጋር የሚሄድ ቁልፍ አስተከለችኝ። "እንዲያውም ለሥራ ይመቸኛል፣ ጀዛኪላህ" ብላ ሄደች። በሁለተኛው ሳምንት የጀመዓው ሴቶች አራት ሆነው መጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እንደ ፋርማሲዋ የታጠፈ እጅጌ ስፊልን!" ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ሲጸልይ እስቅ ነበር። የዚህችን ልጅ ጸሎት አላህ በኔ በኩል ተቀብሎላታል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ሁሉ ወረቀት አልፈጅም ነበር። ወደ እማ መጣ።

እማን ለማስተማር ስንቴ እንደሞከርኩ አንቺ ምስክሬ ነሽ። አንቺ እያለሽ ሁለቴ፣ ከሄድሽ በኋላ አንዴ። ሁልጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የተቆጣኋት ይመስላታል። እርሳሱን አጣማ ስትይዝ ደግሞ እጄ አላርፍ ይለኛል፤ እነጥቃታለሁ። መጨረሻ ላይ፣ "አንቺ እኮ ስታስተምሪኝ የተበላሸ ስፌት እንደምትተረትሪ ነው የምታዪኝ። ተዪኝ፤ የቀረችኝ ዕድሜ ሳላነብም ታልፋለች" አለችኝ። ተውኳት።

ስልኩን ጆሮዋ አይቀበለውም። ድምፅሽን "እንደ ንብ ጥዝ ይልብኛል" ትላለች። ስለዚህ ለእሷ ድምፅሽ ማለት ደብዳቤሽ ነው። መንገደኛ ባመጣው ቁጥር በቀኝ ጆሮዋ በኩል ተቀምጬ አነብላታለሁ፤ አንዱን ደብዳቤ አምስት ስድስት ጊዜ። በቃሏ ትይዘዋለች። እኔ ሳነብ ከንፈሯ ከኔ እኩል ይሄዳል። ከዚያ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሱን እንልካለን። አንባቢዋም ጸሐፊዋም እኔ ነበርኩ።

ከአምስት ወር ገደማ በፊት እማ መስጂድ ውዱእ ስታደርግ ራሷን አዙሯት ወደቀች። እኔ ሱቅ ነበርኩ፤ የነገረኝም የለም። ያነሳቻት ፋርማሲዋ ናት። ቦርሳዋን አስከፍታ መድኃኒቶቿን አየች። የደም ግፊቱና የጨጓራው ክኒን ማሸጊያ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። እኔ እንድትለያቸው ብዬ አንዱ ላይ ቀይ ክር አስሬላት ነበር፤ ክሩ ወልቆ እማ የጨጓራው መስሏት የግፊቱን በቀን ሁለቴ ስትውጠው ሰንብታለች። ፋርማሲዋ ከንፈሯ እንዲታያት ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብላ፣ "እማማ፣ እነዚህን ሁለት ስሞች ብቻ ላሳይዎት። ሌላ ምንም አላስተምርዎትም" አለቻት።

እማ ሁለቱን ስሞች በአንድ ቀን ለየቻቸው። በማግሥቱ ተመልሳ "ሌላስ ምን አለ?" አለች።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ፋርማሲዋ ከቅዳሜው ክፍል ለይታ ማክሰኞና ሐሙስ ለብቻዋ ታስተምራት ኖሯል፤ ለእኔ ግን ቀኑ በመጣ ቁጥር "ጎረቤት ጠይቄ ልምጣ" ነበር የምትለኝ። አራት ወር ሙሉ ጎረቤት ጠየቀች። እኔ ሞኟ ደግሞ ይህ ሰፈር ምን ነካው፣ ሁሉም ሰው ታሞ አለቀ እንዴ እል ነበር።

አንድ ሐሙስ ለክፍሏ የሰፋሁትን ሰማያዊ መጋረጃ ይዤ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ፋርማሲዋ ወለሉን ብትጠርግ፣ ሰንጠረዥ ብትሰቅል፣ መስኮቱ እንኳ የኔ ይሁን ብዬ ነው። አሥራ ስምንቱን ደረጃ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። እማ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ ታነባለች፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ጮክ ብላ ነው። ፋርማሲዋ ፊቷ ተንበርክካ ታያታለች። እማ ስትሳሳት ምንም አትላትም፣ ቅንድቧን ብቻ ከፍ ታደርጋለች፤ እማ ራሷ ተመልሳ ታርማለች። እርሳሱ እማ እጅ ውስጥ ነው። የነጠቃት የለም። መስመሩን ስትጨርስ እማ ሳቀች። ቁንጫዬ፣ ያን ሳቅ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እናቴ እኮ አነበበች! እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ያቺ ልጅ የእማ ልጅ ትመስላለች፤ እኔ መጋረጃ ያደረስኩ ተላላኪ። በሩን ሳልነካ፣ መጋረጃውን እንደታጠፈ አቅፌ ወረድኩ። ማምሻውን እማን "ጎረቤት እንዴት ናት?" አልኳት። "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች" አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ውሸቱ ራሱ አምሮባት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የንባብ ቀን ተባለ። እያንዳንዷ እናት ራሷ የመረጠችውን ጽሑፍ መስጂዱ አዳራሽ ውስጥ በሰው ፊት ታነባለች፤ እሁድ፣ ከዓስር በኋላ። ቅዳሜ ዕለት ፋርማሲዋ እየሮጠች ሱቄ መጣች። "አዳራሹ ከዓስር በኋላ ለኒካህ ተይዟል፤ ወደ ዙህር አምጥተነዋል። ለሌሎቹ ደውያለሁ። ያንቺ እናት ስልክ አይሰሙም፤ እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው።" ከዚያ ደንገጥ አለችና፣ "እየተማሩ መሆኑን ነግረውሻል አይደል?" አለችኝ።

"እንዴታ፣ እናቴ እኮ ናት" አልኩ።

አልነገርኳትም። ረስቼ አይደለም። ያን ቀን ማታ አብረን በላን፣ ልብሷን ስትተኩስ ካውያውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል ማውጣት ነበር፤ አላወጣኋትም።

እሁድ ዙህር ሰግጄ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። አሥራ አንድ እናቶች አነበቡ። አትክልት ሻጯ የልጇን የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር አነበበችው። አዳራሹ በተክቢራ ተናጋ። ፋርማሲዋ በየመሃሉ በሩን ታያለች። ዓይኗ ወደኔ ሲዞር ጣቴ ላይ የመርፌ ጠባሳ የምፈልግ መስዬ አቀረቅራለሁ።

እማ የመጣችው ወንበሮቹ ተጣጥፈው ሲያልቁ ነው። አምና የሰፋሁላትን፣ ደህና ቀን ይምጣለት ብላ ያስቀመጠችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። በሩ ላይ ቆማ ባዶውን አዳራሽ አየች።

"ቀደምኩ እንዴ?" አለች።

ቀደምኩ እንዴ! አላህ ይቅር ይበለኝ።

ፋርማሲዋ ወደኔ ዞረች። "አልነገርሻቸውም?" ሰው ሁሉ ሰማ። ኤሌክትሪሻኑ የማይክሮፎኑን ገመድ እየጠቀለለ ቀና አለ።

"ረሳሁት" አልኩ። በቀኝም በግራም ያሉት መላእክት ይታዘቡኝ፣ እኔው ራሴ አላመንኩትም።

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ለሰዉ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጥርቼ አልነገርኳትም" አለች። ጥፋቴን እንኳ ቀማችኝ ቁንጫዬ! የኔ የምለው እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ።

አንድ ወንበር ዘረጋች። ኤሌክትሪሻኑ ገመዱን ጥሎ ሌላ ዘረጋ። ስምንት ሰው ተቀመጥን፤ ለኒካሁ ምንጣፍ የሚያነጥፉትም ቆመው ጠበቁ። እማ ወረቀቷን ፈታች። እኔ አጭር ዱዓ የምታነብ መስሎኝ ነበር። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፅዋ፣ ቃል በቃል እየለየች አነበበች፦

"እማዬ። ጉልበትሽን። እንደሚያምሽ። ሰምቻለሁ። ግን አንድ ጊዜ። ብቻ። ተቸገሪልኝ። ስወልድ። አጠገቤ። ሁኚ። ልጄን። ከሰው ሁሉ በፊት። አንቺ። እቀፊልኝ።"

ያንቺ ደብዳቤ ነበር። በራሷ እጅ ገልብጣዋለች።

ሰዉ ማሻአላህ አለ፣ አትክልት ሻጯ አቀፈቻት። እዚያ ውስጥ የተነበበው ምን እንደሆነ የገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። እማ ቀና ብላ አላየችኝም።

አሁን ነው መቅደድ የሚያምርሽ። ሦስት ጊዜ "ነይልኝ" ብለሽ ጽፈሻል። ሦስቱንም ጊዜ ያን መስመር ስደርስ ዘልዬዋለሁ። ሰላምታሽን አነባለሁ፣ ማቅለሽለሽሽን አነባለሁ፣ ባልሽ ሩዝ እያሳረረ ቤቱን በጭስ መሙላቱን እያሳቅኳት አነባለሁ፤ እዚያ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ሳይሰበር፣ የላይኛውን መስመር ከታችኛው ጋር ገጥሜ አልፋለሁ። ስፌት እንዳይታይ አድርጎ መግጠም ሙያዬ አይደል? በስልክ "እማ ስለ መምጣቷ ምነው ዝም አለች?" ስትዪኝ "ጉልበቷን እያመማት መንገድ አትችልም፤ እንቢ ብላ እንዳታሳዝንሽ ነው" ያልኩሽ እኔ ነኝ። ጉልበቷ ምንም የለበትም። በሳምንት ሁለቴ አሥራ ስምንት ደረጃ ስትወጣ ነው የከረመችው።

ቤት ስንገባ ቀሚሷን ቀየረች፣ አጣጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ ከንፈሬን ለማየት ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"የትኛው ጉልበቴ ነው የሚያመኝ?" አለችኝ።

ያስቀመጠችውን ቀሚስ አንስቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

"ስንት ጊዜ ነው?"

ሦስት ጣቴን አሳየኋት።

"ልይዝሽ ብዬ አይደለም ያገኘሁት" አለች። "ለልምምድ የእህትሽን ደብዳቤ አወጣሁ። በቃሌ ስለማውቀው ይቀለኛል አልኩ። በቃሌ እያልኩ በጣቴ ስከተል፣ አፍሽ ያላለው ቃል ወረቀቱ ላይ ተረፈኝ። የተሳሳትኩ መሰለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ማንበብ ያልገባኝ እኔ ነኝ ብዬ ደጋግሜ አረምኩት።"

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የኔን ውሸት የራሷ ስህተት አድርጋ ታርም ነበር።

"ለምን?" አለች።

"ትሄጃለሽ ብዬ።" ድምፅ አልወጣኝም፤ ከንፈሬን አየች።

"አንብበሽልኝ ቢሆን ኖሮ እኮ፣ ልጄ፣ አንቺን ብቻሽን ጥዬሽ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ እኔው እቀር ነበር። ሳትለምኚኝ እቀር ነበር። አሁን ግን እሄዳለሁ" አለችኝ። ተነስታ ለመግሪብ ውዱእ ልታደርግ ገባች።

እኔ ስድስት ወር ሙሉ የምቀናው በፋርማሲዋ ነው ስል ነበር። አዎ፣ በእሷም ነው። ከእሷ በፊት ግን አንቺ ነበርሽ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ አንቺ ሂያጅ ሆንሽ፣ እኔ ቀሪ። በየቀኑ ስለማወራት የኔን ወሬ በቃሏ የምትይዝበት ምክንያት የለም። ያንቺን ግን "እማዬ እንደምን አለሽ" የምትለዋን ሳይቀር እንደ ዱዓ ትደግመዋለች። በገዛ አፌ ያንቺን ፍቅር ሳነብላት ፊቷ ሲበራ አያለሁ። ለማን ነው የበራው? አጠገቧ ያለሁት እኔ፣ የሚበራው ላንቺ። ይህን ጽፌ አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል፤ ግን ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

በማግሥቱ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ፋርማሲዋ ቀና ሳትል "ማዘዣ?" አለች።

"አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ "ልጄ፣ እሱን ያለ ማዘዣም ይሰጡሻል፤ ወረፋውን ልቀቂልን" አሉኝ። በምሳ ሰዓቷ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"እንዳልረሳሽው ገብቶኛል" አለችኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት ላንቺ አዝኜ እንዳይመስልሽ። እማማ ሊያነቡ ቆመው እኛ ስንነታረክ ቀናቸው እንዳይበላሽ ነው። በልቤ ግን በጥፊ ላጮልሽ ነበር የፈለግኩት።"

አታምኚኝም፣ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ጥሩነቷ ቀዳዳ እንዳለው ሳይ ደስ አለኝ። የእጅጌውንም ነገር ነገርኳት። "እሱንም አውቄያለሁ፤ ልብስ ሰፊ እኮ ሁለቱንም እጅ እኩል አይሳሳትም" አለችኝ።

ከዚያ ነው ያልጠበቅኩትን የነገረችኝ። "ደግሞስ በምኔ ነው የምትቀኚው? እናትሽ አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። 'የልጄ ጓደኛ' ነው የሚሉኝ። ፊደል የለዩት በዚያ ባንቺ ጨርቅ ላይ ነው፤ ለገባ ለወጣው 'ልጄ ናት የሰፋችው' ይላሉ። እኔ ያሳተምኩትን ሰንጠረዥ ቀና ብለውም አላዩት። ማነው መቅናት ያለበት?"

ጓደኛዋ አልነበርኩም እኮ። እማ ሁለታችንንም ሳታማክር አወዳጅታናለች።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። እማ የእሷን ነገር ስታነሳ አሁንም መርፌ እንደረገጠ ሰው ሽምቅቅ እላለሁ። ሆኖም ጆሯቸው የደከመ አምስት እናቶችን አብረን ይዘናል። እርሳስ እንዳልነጥቅ ባለፈው ቅዳሜ እጄን ከኋላዬ በመለኪያ ሜትሬ አስሬ አስተማርኩ፤ ቀልድ አይደለም። እናቶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ፋርማሲዋም ሳቀች፣ ያለ ድምፅ።

እማ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ትነሳለች፤ ማክሰኞ ማታ እጅሽ ትገባለች ኢንሻአላህ። መሃል ላይ አውቶቡስ ትቀይራለች። ላድርስሽ ብላት "ታፔላ አነባለሁ" ብላ አፌን አስያዘችኝ። የከተማሽን ስም ደብተሯ ላይ ሃያ ጊዜ ጽፋዋለች።

ስትናገሪያት አትጩሂባት፤ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ እንዲያርፍ ሆነሽ ቀስ ብለሽ አውሪያት። የግፊቱ ክኒን ጠዋት አንድ ነው፤ ራሷ አንብባ ትወስዳለች፣ ማሸጊያውን ከእጇ አትውሰጂባት። ከእንቅልፏ እንደነቃች አታውሪያት፤ ትንሽ ዝም ማለት ትወዳለች። ለልጁ ሰባት ልብስ ልኬያለሁ። ስፌቱን በውጭ በኩል ያደረግኩት ቆዳውን እንዳይጎረብጠው ነው፤ ተገልብጦ ተሰፍቷል ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅኳትም፣ አልነገረችኝምም። እስክትጠነክሪ ድረስ አቆዪያት። እስክትጠግቢያትም ቢሆን ግድ የለም። የሚቀጥለው የንባብ ቀን ከአራት ወር በኋላ ነው፤ ይህን የምነግርሽ እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

አውፍ በይኝ። አሁን ካልሆነልሽ ልጁን ስታቅፊ በይኝ፤ ያን ጊዜ ልብ ይራራል ይባላል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ እማ ናት። ፖስታውን አላሸግኩትም። መንገዱ ሁለት ቀን ነው፣ እሷ ደግሞ ሰሞኑን ያገኘችውን ጽሑፍ ሳታነብ አታልፍም። ፊደሎቼን እንዲህ ያተለቅኳቸው፣ ቃላቱንም እንዲህ ያራራቅኳቸው፣ ያንቺ ዓይን ደክሞ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አላህ በሰላም ያገላግልሽ። ሁለት ነፍስ አድርጎ ያቁምሽ፣ ሁላችሁንም በአንድ ቤት ደስ ያሰኛችሁ።

ታላቅ እህትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ